ከኋላ የሚቀመጡት ሰው

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ቦሌ ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ የግል መጋዘን ከፊቱ ባሉት የብረት ሹካዎች ጭነት የሚያነሳ የፎርክሊፍት ሹፌር ነበርኩ። ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ከሁለት ቶን በላይ እንዳይነሳበት ይከለክላል። ያንን ጽሑፍ ግን ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎታል። እኔ ስለ ጽሑፉ ስናገርማ «ፈሪ» ነበር የምባለው።

ጭነቱ ከብዶ የኋላው ጎማ ከመሬት ሲነሳ ምን ይደረጋል? ጭነቱ ይቀነሳል ትላላችሁ። እኛ ዘንድ ሰው ይጨመራል! «ሚዛን!» ተብሎ ሲጮህ ወዛደሮቹ ተሯሩጠው ከኋላ ይንጠለጠላሉ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ጫፉ ላይ የሚቀመጡት ወሎ ሰፈር የሚኖሩ ግዙፍ ሰው ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ቦታቸውን ለማንም አይሰጡም፤ በውፍረታቸው ሲቀለድ እንኳ ደስ ይላቸዋል።

አንድ ቀን ጠዋት በእንጨት ሳጥን የታሸጉ ሁለት ትልልቅ ማሽኖች መጡ።

«ይኼ ክሬን ነው የሚፈልገው» አልኩት ኃላፊውን።

«ሰው ሞልቶ ምን ክሬን ያስፈልጋል?» አለኝ።

ዝም ብዬ አነሳሁ። ለዚህች ዝምታዬ ራሴንም ይቅር አልልም። የኋላው ጎማ ብድግ ሲል ጋሼ እጃቸው ከዳቸውና ወደቁ። ወዲያው ሳጥኑ ከሹካው ላይ ተንሸራተተ፤ የኋላው ጎማም ተመልሶ እግራቸው ላይ አረፈ።

ሆስፒታል ከተወሰዱ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ኃላፊው «በሉ፣ ሁለተኛውን ጨርሱ» አለ። ይባስ ብሎ ወዛደሮቹ ከኋላ ወጥተው ተደረደሩ! ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። «ሁለተኛውን ክሬን መጥቶ ያንሳው» አልኩ። ኃላፊው ሰደበኝ፤ እሱስ ልማዱ ነው። ያንገበገበኝ ከወዛደሮቹ አንዱ «እንጀራችንን አትዝጋብን እንጂ!» ማለቱ ነበር። ከሰዓት በኋላ ክሬን ተከራይተው አመጡ። ለካ ክሬን ነበረ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼን ልጠይቅ ሄድኩ። እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ ተቆርጧል። ምን ብዬ እንደማጽናናቸው ስጨነቅ እሳቸው ቀደሙኝ።

«በእኔ ቦታ ማን ተቀመጠ?»

«ማንም አልተቀመጠም ጋሼ። ማሽኑን አቆምኩት» አልኳቸው፣ በኩራት።

እፎይ አሉ።

«አላህ ይስጥህ ልጄ። በል እስክድን ድረስ ማንንም እንዳታስቀምጥብኝ።»