አክስቴ ሦስት ጊዜ ያሳጠረችው ቀሚስ

እስቲ ይህን የቀሚስ ጠርዝ ተመልከቱት። ሦስት ጊዜ ታጥፎ ተሰፍቷል። የሰፋችው የቀሚሱ ባለቤት አክስቴ ናት፤ አርባ ዓመት ልብስ ስትሰፋ የኖረች። ቀሚሱ መሬት በጠረገ ቁጥር፣ "ታጥቦ ታጥቦ ተለጠጠ" ብላ ጨርቁን ትረግምና ታሳጥረዋለች። እኛም አብረናት ጨርቁን እንወቅሳለን!

ባለፈው ወር ከወንበር ስትነሳ ወደቀችና የእጇ አንጓ ተሰበረ። ሐኪሟ እጇን በጄሶ ካሰረች በኋላ ጥያቄ ጀመረች።

"እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው? እናትዎ ዳሌያቸው ተሰብሮ ያውቃል? በወጣትነትዎ ቁመትዎ ስንት ነበር?"

"ልጄ፣ ልትድሪኝ ነው እንዴ?" አለች አክስቴ። ግን በደህና እጇ የልኬት ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። በወጣትነቷ የጻፈችው የራሷ ቁመት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው፤ አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት።

ሐኪሟ ግድግዳ አስደግፋ ለካቻት፤ አንድ ሜትር ከሃምሳ ሰባት።

"ጨርቁ አልተለጠጠም እማማ፤ እርስዎ ነዎት ያጠሩት። አጥንትዎ ሳስቶ፣ አከርካሪዎ ሳይታወቅዎ ተሰብሮ ይሆናል።"

ከዚያ ከነዚያው ተራ ጥያቄዎች ተነስታ፣ በሚመጡት አሥር ዓመታት ዳሌዋ የመሰበር ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ አስልታ ነገረችን። ገና ያልደረሰ ስብራት ከአንድ ጠርዝና ከአንድ ደብተር ይነበባል! አጥንቷ በመሣሪያ ታየ፣ መድኃኒትም ጀመረች። ዳሌዋ እስካሁን ደህና ነው።

አምስት ሴንቲሜትር ከዓይናችን ሥር ሲሄድ እኛ ምን ስናይ ነበር? እባካችሁ፣ እናታችሁን ዛሬውኑ ግድግዳ አስደግፋችሁ ለኩ፤ ከወጣትነት ቁመታቸው አጥረው ካገኛችኋቸው ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።