በኸውላ ስም የሚነዱ መኪኖች

ኸውላ ኡበይዳ ያላት መኪና አንዲት ያረጀች ኮሮላ ናት። መዝገብ ላይ ለሚያያት ሰው ግን መለስተኛ የታክሲ ድርጅት ያላት ከበርቴ ትመስላለች። የአባቷ ሲየና በስሟ ነው። የወንድሟ የኢክሪማ መኪና በስሟ ነው። የአጎቷ የሰዒድ ትልቁ ፎርድ፣ የሰዒድ ሚስት ገበያ የምትሄድባት ትንሿ መኪና ሳትቀር፣ ሁሉም በኸውላ ስም ነው። ካልጋሪ ከገቡት የወሎ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ዘንድ ይኼ ነውር አይደለም። አዲስ ለመጣ ሰው ኢንሹራንሱ አይቀመስም፤ አንዴ አደጋ ላደረሰ ሰውማ ወሬውም አይነሳ። ስለዚህ ከቤተሰቡ መሃል አንድ ንጹሕ ስም ይፈለግና መኪናው ሁሉ እሱ ላይ ይጫናል። ጎረቤት ለድግስ ትልቅ ድስት እንደሚዋሰው መሆኑ ነው። ልዩነቱ፣ ድስት የተዋሰ ሰው አጥቦ ይመልሳል።

የኸውላ ስም ንጹሕ የሆነው በዕድል አይደለም። በልጅነቷ መጥታ ፓይንሪጅ ሰፈር ባለ ጠባብ ታውንሃውስ ውስጥ ያደገች፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣችበት ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ እንደ ፈተና ተፈታኝ የምትጠነቀቅ ልጅ ናት። ሥራዋም ይኼንኑ ይጠይቃል፤ የተማሪዎች አውቶቡስ ነጂ ናት። በየማለዳው ኦግደን ሰፈር ካለው የአውቶቡሶች ግቢ ቢጫውን አውቶቡስ ታስነሳለች፤ በየመንደሩ ትቆማለች፤ ቀይ መብራቱን ታበራለች፤ «ቁም» የሚለው ምልክት ከጎን ይዘረጋል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሁሉም ይቆማል። ሁሉም ግን አይቆምም። ቡናውን በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላው የያዘ ሰው መብራቱን እያየ፣ ልጆቹን እያየ፣ እሷንም ዓይኗን እያየ ጥሎ ያልፋል። ያኔ ኸውላ መስኮቷን ከፍታ «ዱርዬ!» ትላለች። አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ልጆች የቬትናሙም፣ የፑንጃቡም፣ የፈረንጁም ይቺን ቃል አጥርተው ያውቋታል። አብረዋት ይጮኻሉ።

ባሕር ላይ የመሥራት ሐሳብ የመጣላትም ከዚሁ ንዴት ነው። ሰው ቢጠይቃት «አየሩ ደስ ስለሚለኝ» ትላለች እንጂ እውነቱ ይኼ ነው። አንድ ሰመር ቤተሰቡ ተሰብስቦ ወደ ቫንኩቨር ደሴት ሲሻገር፣ መኪና በምትጭነው መርከብ በፌሪዋ ሆድ ውስጥ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰች አጭር ሴት ቆማ አየች። ሴትዮዋ እጇን ስታነሳ ባለ ተሳቢው ከባድ መኪና ቀጥ አለ። በጣቷ ስትጠራው መጣ። ለፖሊስ እንኳ የማይታዘዙት አጎቷ ሰዒድ «ወደ ግራ» ስትላቸው ወደ ግራ ሄዱ። አንድም ሰው ጥሏት አላለፈም። ኸውላ ከመኪናው ወርዳ እስክትባረር ድረስ ያቺን ሴትዮ ስታያት ቆየች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልታያትም። ዕረፍቷን አጠራቅማ ቫንኩቨር ሄዳ የባሕር ደኅንነት ኮርሱን ወሰደች፤ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሒጃቧ ላይ የጎማ ልብስ አጥልቃ ዋኘች፤ አለፈች። አንድ የፌሪ ድርጅትም የባሕረኛ ፈቃድሽን ይዘሽ ነይ፣ በዚህ ሰመር መርከብ ላይ እናወጣሻለን አላት። የቀረው ከመንግሥት ቢሮ የሚወጣው ፈቃድ ብቻ ነበር።

ማመልከቻው ላይ «በትራፊክ ጥፋት ተቀጥተው ያውቃሉ? ቀላልም ቢሆን ይግለጹ» የሚል ጥያቄ አለ። ኸውላ «የለም» ብላ ጻፈች። እንዲያውም ኮራ ብላ ነው የጻፈችው።

መልሱ የመጣው ግቢ ውስጥ አውቶቡሷን አቁማ ወንበሯ ላይ ሳለች፣ በስልኳ ነው። በስምዎ ላይ በርካታ የትራፊክ ጥፋቶች ተመዝግበው አግኝተናል፤ ለምን እንደደበቁ በጽሑፍ ያስረዱ ይላል። ከሥሩ ተደርድሯል። ፍጥነት፣ ፍጥነት፣ ቀይ መብራት፣ እንደገና ፍጥነት፣ የትምህርት ቤት አካባቢ ፍጥነት። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ልጆች ለማውረድ የቆመ የተማሪዎች አውቶቡስ አልፎ መሄድ።» በእሷ ስም! ጉሮሮዋ እስኪደርቅ «ዱርዬ» ስትል የኖረችበት ጥፋት፣ ስሟ ከነአባቷ ስም ተጽፎበት ተቀምጧል።

ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ጋ ደወለች። ያነሳችው ሴትዮ ክፉ አልነበረችም። «ትናንሾቹ ለእኛ ምንም አይደሉም» አለቻት፤ «ፈጥኖ በመንዳት ተቀጥቶ የማያውቅ ባሕረኛ ብንፈልግ ኖሮ መርከቦቹ ሰው አያገኙም ነበር። ያሳሰበን 'የለም' ማለትዎ ነው።»

«እኔ እኮ አልነዳኋቸውም።»

«እንግዲያው ያንን ይጻፉ። የአውቶቡሱን ግን ያኔ የነዳው ሰው ራሱ ፈርሞ ማረጋገጥ አለበት። ያለዚያ የእርስዎ ሆኖ ለኮሚቴ ይቀርባል፤ እሱ ደግሞ በዚህ ሰመር አያልቅም።»

ኸውላ ስልኩን ዘግታ ወዲያው አጎቷ ጋ ደወለች። የመኪኖቹ ፖስታ የሚሄደው እሳቸው አሁን ወደሚኖሩበት ወደ ድሮው የፓይንሪጅ ቤት ነውና።

«ኧረ እነዚያ ናቸው እንዴ!» ብለው ሳቁ ሰዒድ። «ፎቶ ራዳር እኮ ናቸው ኸውላዬ፤ ካሜራ አንስቶ ለባለ ታርጋው የሚልካቸው። ከመንጃ ፈቃድሽ ፖይንት እንኳ አይቀንሱም። እኔ ፖስታውን እከፍታለሁ፣ የነዳውን ኮል አደርገዋለሁ፣ እሱ ይሰጠኛል፣ ኦንላይን ፔይ አደርጋለሁ። ኖ ፕሮብሌም።»

«አጎቴ፣ ፔይ ሲያደርጉ እኮ እኔ ጥፋተኛ ነኝ ብለው ነው!»

«እንዳትጨነቂ ብለን ነዋ!»

«የስኩል ባሱስ? በእርስዎ ፎርድ ነው። ማን ነበር የነዳው?»

ሰዒድ ሳል ያዛቸው። ፎርዱን ዕቃ ማጓጓዝ ያማረው ሁሉ ይወስደዋል፣ ማን ያስታውሳል፣ ያው የቤተሰብ ነው አሉና ሥራ እንዳላቸው ትዝ አላቸው።

እንግዲህ ፍረዱ። ሰው መኪናህን ቢወስድ ሌባ ይባላል። ስምህን ወስዶ፣ በስምህ አጥፍቶ፣ በስምህ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ፈርሞ፣ ለአንተ ሳይነግርህ ቢቀርስ? እሱ ቤተሰብ ይባላል። «እንዳትጨነቂ ብለን ነው» ይባላል። ኸውላ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣች፤ መርከቡ ሊያመልጣት መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ውሸታም መባሏ ግን እንደ እሾህ ወጋት።

የዒድ ምሳ የዚያ ሰሞን ነበር፤ ሳቫና ሰፈር በሚገኘው በአባቷ ቤት። ሁሉም መጥቷል፤ መኪኖቹም በሙሉ መንገዱ ዳር ተደርድረው ቆመዋል። ተበላ፣ ተጠጣ። ወንዶቹ ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ ሶፋው ላይ ተዘረጉ። ኸውላ መሃል ገብታ ቆመችና የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ኸውላ፣ ላይክ፣ ቲኬት እኮ ነው» አለ ኢክሪማ ከስልኩ ቀና ሳይል። «ሪላክስ።»

«እኔ ነኝ በይና ጨርሺው» አሉ ሰዒድ። «ራሳቸው ማይነር ነው እያሉሽ!»

«የአውቶቡሱንም?»

«እሱንም። ሶሪ በይ። ፈረንጅ ሶሪ ሲባል ደስ ይለዋል።»

«እኔ? የስኩል ባስ ድራይቨሯ? ነገ አለቃዬ ቢያየው ምን ልል ነው?» ድምጿ ከፍ አለ። «ያን ቀን ፎርዱን የነዳው ሰው እዚህ ሳሎን ውስጥ አለ። ይፈርምልኝ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።»

ኢክሪማ ያን ቀን ሺፍት ላይ ነበርኩ አለ። የሰዒድ ሚስት እኔ እንኳን ፎርድ በሩን መክፈት አልችልም አለች። ሰዒድ ተቆጡ። «ፊርማ ከገባማ ማን ምን እንደሚነዳ ይወጣል። ኢንሹራንሱ የሁላችንንም ካንስል ያደርገዋል። በአንድ መርከብ የተነሳ ቤተሰብ ልትበትኚ ነው?»

«የሷስ እንጀራ?» አለች እናቷ አይሹ ከወጥ ቤቱ በር። «የእናንተ መኪና እንጀራ ነው፣ የልጄ መርከብ ጨዋታ ነው?»

አባቷ ኡበይዳ የሻይ ብርጭቋቸውን መዳፋቸው ውስጥ እያሽከረከሩ ምንጣፉን ያያሉ። ኸውላ እሳቸውን ጠብቃ ነበር። አንድ ቃል ቢናገሩላት ብላ። ሳይናገሩ ሲቀሩ ጋራዥ ገባችና ካቻቢቴ ይዛ ወጣች።

አልበርታ ውስጥ ታርጋ ከኋላ አንድ ብቻ ነው፤ ታርጋውም የመኪናው ሳይሆን የተመዘገበበት ሰው ነው። ኸውላ ከኢክሪማ መኪና ጀመረች። ብሎኖቹን ፈታች፣ ታርጋውን ብብቷ ሥር ከተተች፣ ወደሚቀጥለው ሄደች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ የሰዒድ ሚስት በመስኮት አይታ ጮኸች፤ ወንዶቹ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ግር ብለው ወጡ። ሰዒድ ሮጠው የፎርዳቸውን ቂጥ በጀርባቸው ከለሉ።

«አብደሻል እንዴ! ያለ ታርጋ እንዴት ነው ቤቴ የምገባው?»

«በባቡር። ሳድልታውን ስቴሽኑ ቅርብ ነው።»

«በዒድ ቀን!»

«መኪናው የእርስዎ ነው አጎቴ፤ ይውሰዱት። ስሜን ግን ነቅዬዋለሁ። ዘወር ይበሉልኝ።»

ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ ያያል። ሰዒድ ዘወር አሉ። ኢክሪማ ቪዲዮ ሊቀርጽ ስልኩን ሲያነሳ ዓይኗን አየና መልሶ ኪሱ ከተተው።

የመጨረሻው የአባቷ ሲየና ነበር። ብሎኑ በበረዶ ወራት መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ዝጎ አልፈታ አለ። ኸውላ ጥርሷን ነክሳ ስትታገል ኡበይዳ መጥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉና ታርጋው እንዳይነቃነቅ ያዙላት።

«ፎርዱን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይቺ ሲየና ተበላሽታ ጋራዥ ገብታብኝ ነበር። አንዲት አሮጊት ለኩላሊት እጥበት ላደርስ ረፍዶብኝ ነበር። ሰዒድን አደራ አትንገራት ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ካቻቢቴው ከእጇ ወደቀ። ኡበይዳ በያዙት መኪና አረጋውያንን ሆስፒታል የሚያመላልሱ የአንድ ድርጅት ሾፌር ናቸው፤ እንዲህ ያለ ጥፋት በስማቸው ቢታወቅ መሪ አያስጨብጧቸውም። ይኼ ይገባታል። ያልገባት ሌላው ነው። ስንት ማታ ራት ላይ የዛሬውን ዱርዬ ስትነግራቸው «እንዲህ ያለውን መንጃ ፈቃዱን መንጠቅ ነው» ይሏት አልነበረም? አብረዋት ተቆጥተው፣ ለልጆቹ አዝነው! ከሰዒድ ሳቅ፣ ከኢክሪማ «ሪላክስ» ሁሉ ይልቅ ያ ራት አንገበገባት።

«እያወቁ፣ አባ? እኔ ስነግርዎ እያወቁ?»

«እያወቅኩ።»

ካቻቢቴውን አንስታ የቀረውን ብሎን ፈታች። ታርጋዎቹን ሰብስባ ገባች። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፈተች። ኡበይዳ ተከትለዋት ገብተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ሌላው ሁሉ ሳሎን ቀረ። ኸውላ በእንግሊዝኛ ጻፈች፤ መኪኖቹ እንዴት በስሟ እንደሆኑ፣ ቅጣቶቹን ማን ይከፍል እንደነበር፣ አውቶቡሱን አልፎ የሄደው አባቷ መሆኑን። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞረች። ኡበይዳ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እያስኬዱ ቀስ ብለው አነበቡ። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይኼ ምንድን ነው የሚለው?»

«ምልክቱን ሳያይ አለፈ ነው የሚለው።»

«ሳላይ አይደለም። አይቼዋለሁ።»

«አባ፣ ሥራዎ እኮ...» አለች ኸውላ፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን መጨረስ አቃታት። ስትናደድበት የሰነበተችበትን ነገር አሁን ራሷ እያደረገችው ነበር። እንዳይጨነቁ ብላ።

«አይቶ አለፈ በይ። አንዲት ትንሽ ልጅ አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አድርጋ ነበር። ስታየኝ ወደ ኋላ አለች። እሷንም ጻፊያት።»

ኸውላ አጥፍታ እንዳሉት ጻፈችው። ስትጽፍ እንባዋ ይወርዳል፤ ንዴቷም አልበረደም። ወረቀቱን አትማ ከእስክሪብቶ ጋር ፊታቸው አስቀመጠች።

«ያን ቀን የቆመው የእኔ አውቶቡስ ቢሆን ኖሮ አባ፣ እርስዎ መሆንዎን እያየሁ ፖሊስ ጋ እደውል ነበር።»

«ደግ ታደርጊ ነበር» አሉና ፈረሙ።