የእትዬ ተናኜ ሪፈንድ

«ተናኜ ከሰረች» እያላችሁ የምታሙ ሰዎች፣ እስቲ ይህን ስሙ።

ጎረቤቴ እትዬ ተናኜ፣ እዚህ ባዕድ አገር ሃያ ዓመት ሆስፒታል ሲያጸዱ የሰው ሳንቲም ነክተው አያውቁም። ለክርስትና ልጃቸው የምግብ ቤት ብድር ግን ዋስ ሆነው ፈረሙ። «ክርስትና አንስቻት እንዴት እምቢ ልበላት?» አሉ። ምግብ ቤቱ በዓመቱ ሲዘጋ ባንኩ ወደ እሳቸው ዞረ፤ መክፈል ቢያቅታቸው ባንክራፕሲ ፋይል አደረጉ፣ መክሰራቸውን በሕግ አስመዘገቡ። ጉዳዩን የያዘው ትረስቲ፣ የከሰረን ሰው ገንዘብ ለአበዳሪዎች የሚያከፋፍለው ባለሙያ፣ የዚያ ዓመት የታክስ ሪፈንድ፣ መንግሥት የሚመልስላቸው ትርፍ ግብር፣ ለአበዳሪዎቹ እንደሚሄድ አስረዳቸው።

ገንዘቡ ግን እንደ ድሮው አካውንታቸው ገባ።

«ቶሎ አውጥተው ይደብቁት! ማን ያያል?» አልኳቸው፣ ብልጥ ነኝ ባይዋ እኔ። በማግስቱ ከሰፈራችን ከቶርንክሊፍ ፓርክ አውቶቡስ ይዘን ትረስቲው ቢሮ ሄድን፤ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ። ገንዘቡን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም አስረክበው ደረሰኝ ጠየቁ።

ትረስቲው ተገርሞ፣ «ሳንጠይቀው ይዞልን የሚመጣ ብዙ ሰው የለም» አለ።

እትዬ ተናኜ ቀና አሉ። «ከስሬያለሁ ብዬ ፈረምኩ እንጂ ሌባ ነኝ ብዬ አልፈረምኩም። ንገሪልኝ!»

ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ ተረጎምኩት።