ረዲ፣ ቀይ ጮራና የኤላው ተራ

ልብስ ሰፊው ረዲ ከጉራጌ አገር ወደ ቦረናዋ ከተማ ወደ ዱብሉቅ የመጣው በጎረምሳነቱ ነው። ዘመድ አልነበረውም፤ የአገሩን ቋንቋም አያውቅም። ሰው ያደረገው የኳስ ሜዳው ነው። እዚያ አቧራ ላይ ከቦረናው ጋር ጮኾ፣ ከቦረናው ጋር ተናዶ፣ አንድ ቀን ሳያስበው የከተማው ሰው ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ «ቀይ ጮራ እኮ የኳስ ቡድን ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው?» የሚል ሰው ቢገጥመው መቀሱን ይዞ ይነሳ ነበር።

እንግዲህ ይህ ቀይ ጮራ የሚባለው ቡድን አሥራ አንድ ተጫዋቾችና ሰባት የአመራር ኮሚቴ አባላት ነበሩት። ኳስ የሚያውቁት አሥራ አንዱ ናቸው፤ የሚወስኑት ደግሞ ሰባቱ። ሊቀመንበሩ ጓድ ፈቀደ ኳስ በእግራቸው ነክተው አያውቁም ተብለው ይታማሉ። ሐሜት አይደለም፤ እውነት ነው። ረዲ የቡድኑን ማሊያ በሰፋ ጊዜ ዐሥር ቁጥሩን «ለአመራሩ ይገባል» ብለው ለራሳቸው ወሰዱት፤ ጎል አግቢው ጋልጋሎ አሥራ ሰባት ደረሰው። ጋልጋሎ በአንድ ጨዋታ ብቻውን ሦስት ጎል ቢያገባ ደግሞ ስብሰባ ጠርተው በግለኝነት ገመገሙት። በሚቀጥለው ጨዋታ ልጁ ኳሱን ለሁሉም እኩል ሲያድል ዋለ፤ ቡድኑ አራት ለዜሮ ተሸነፈ፤ ኮሚቴውም በታየው የኅብረት መንፈስ መደሰቱን ገለጸ።

ረዲ ይህን ሁሉ አይቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ የአመራሩን ጉድ ሳይሰማ ሱሪው አያጥርለትም። ሚስቱ መሪማ «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ዘመኑን እወቅ እንጂ አንተ ሰውዬ!» ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

በ1978 ዓ.ም. ከበላይ አንድ ወረቀት መጣ። ቀይ ጮራ ከሞያሌ ቡድን ጋር በሚያደርገው የመጨረሻ ጨዋታ ከተሸነፈ ከውድድር ይሰረዛል፤ ቡድኑም ይፈርሳል ይላል። ረዲ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ኮሚቴው ግን ሰፊ ውይይት አድርጎ ጨዋታውን ለቅዳሜ ቆረጠው።

ቅዳሜ! ዱብሉቅ ውስጥ ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ነገር ሰባት ሰው ተሰብስቦ ሳተው። ያ ቅዳሜ የጋልጋሎና የሁለት ወንድሞቹ ከብት ውሃ የሚጠጣበት ተራ ነው፤ ሦስቱም የቀይ ጮራ ተጫዋቾች ናቸው። የዱብሉቅ ኤላ እንደ ቧንቧ ከፍተው የሚዘጉት አይደለም፤ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ወንዶቹ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲ እየተቀባበሉ ነው ውሃውን የሚያወጡት። ከብቱ በሦስት ቀን አንዴ ይጠጣል፤ ተራው ያለፈው ይጠማል።

ማክሰኞ ዕለት ረዲ ኮሚቴው ፊት ቆመ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቅዳሜ እነ ጋልጋሎ የሉም፤ ከብት ያጠጣሉ። እባክዎን ቀኑን ይለውጡልን።»

ጓድ ፈቀደ ጠረጴዛውን መቱ። «የቡድኑ ፕሮግራም በላም አይወሰንም!»

ረዲ ወጥቶ ሄደ። ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ለመሪማ ትቶ ወደ ኤላው ወረደ። የውሃውን ተራ የሚመሩትን ሽማግሌ አባ ጣዲቻን ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኛቸው።

«አካም፣ ናጋ?» ብሎ በቦረናው ቋንቋ ደኅንነታቸውን ጠየቀ።

«ናጋ» አሉ። ከዚያ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ሣር፣ ስለ ዝናብ ተጠያየቁ። ረዲ በመጨረሻ ጉዳዩን ሲያወጣ ሽማግሌው አልሳቁበትም። ባለተራዎቹን ጠርተው ግማሽ ቀን አነጋገሩ። ማኅተም የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ፣ ጠረጴዛ የሚመታ የለ። ይህን ያህል ከብት ሳይጋፋ እየመጣ ይጠጣል፤ ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ ሲወጣ አንዴም አይወድቅም። ረዲን ቅናት ያዘው። «ወላሂ፣ ቅብብል ማለት ይሄ ነው! ምነው እኚህን ሰውዬ ሊቀመንበር አድርጎ በሰጠን!»

የእሑዱ ባለተራ ዱባ ከሁሉም በኋላ ተነሳ።

«ለኳስ ብዬ አይደለም፤ ኳስ ወተት የላትም። ነገር ግን ሰው ኤላ ድረስ መጥቶ ለምኖ ባዶውን አይመለስም። እኔ ቅዳሜ ላጠጣ፤ የጋልጋሎ ከብት እሑድ ይጠጣ።»

ከብቱን ከሩቅ ግጦሽ እንዲያመጡለትም እዚያው ሰው ላከ። ረዲ እያመሰገነ፣ እንባው እየመጣ ተመለሰ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ጓድ ፈቀደ ራሳቸው፣ ፈገግ እንዳሉ፣ ሱቁ ደጃፍ ብቅ አሉ።

«ጓድ ረዲ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ሂስህን ኮሚቴው መርምሮ ተቀብሎታል። ጨዋታው ወደ እሑድ ተዛውሯል!»

ረዲ ከመቀመጫው ዘለለ። «እሑድ? በአላህ ይሁንብዎ፣ ወደ ቅዳሜ ይመልሱት! የኤላው ተራ እኮ ተለወጠ፤ እነ ጋልጋሎ አሁን የሚያጠጡት እሑድ ነው!»

«በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ውሳኔ አይሻርም። ለሞያሌም መልእክት ሄዷል። ደግሞስ ለውጡልኝ ብለህ የለመንከው አንተው አይደለህም?»

ረዲ ወደ ጋልጋሎ ሮጠ። ልጁ «አቡያ» ነው የሚለው፤ የእናቱን ወንድም እንደሚጠራ። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማ።

«አቡያ፣ የዱባ ከብት መንገድ ላይ ነው፤ ተመለስ አይባልም። የእኔዎቹም ለኳስ ብለው አንድ ቀን ይጠማሉ። ሁለተኛውን ቀን በምን አፌ ልጠይቃቸው?»

እሑድ ቀይ ጮራ ስምንት ተጫዋች ብቻ ቀረው። ኮሚቴው ችግር ፈቺ ነውና ከአባላቱ ሦስቱን ጨመረ። ጓድ ፈቀደ በዐሥር ቁጥራቸው አጥቂ ሆነው ቆሙ። ኳሷን አንዴ አገኟት፤ በእጃቸው። ሞያሌዎች ሰባት ካገቡ በኋላ እነሱው አፍረው ኳሷን እርስ በርስ ሲቀባበሉ አመሹ። ረዲ ፊሽካው እስኪነፋ ከሜዳው ዳር አልተነሳም።

ማክሰኞ ግምገማ ተጠራ። ቡድኑ መፍረሱ ተነበበ። ኮሚቴው ግን ከፍተኛ ልምድ ያካበተ ስለሆነ ሥራውን እንዲቀጥል በአንድ ድምፅ ተወሰነ፤ ምን ሊመራ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ከዚያ ጓድ ፈቀደ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቀኑ የተለወጠው ደጋፊያችን ጓድ ረዲ ባቀረበው ጥያቄ መሠረት መሆኑ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ላሳየው ተቆርቋሪነት ግን ይጨብጨብለት!»

ተጨበጨበለት። ረዲ ሊናገር ተነሳ። የተባለው ሁሉ ግን እውነት ነበር። ተመልሶ ተቀመጠ።

ቤት ሲገባ መሪማ ፊቱን አይታ ደነገጠች።

«ምነው? ተቆጡህ እንዴ?»

«የለም» አለ። «ሰሙኝ።»

የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።