የጋሽ ፈለቀ ቆዳ

ጋሽ ፈለቀ ሰው ማመን አይሆንላቸውም። ሃያ ስምንት ዓመት ቦንጋ ገበያ ቆዳና ሌጦ ሲገዙ ኖረዋል። ሻጩ ምሎ ተገዝቶ «እንከን የለበትም» ያለውን ቆዳ ገልብጠው፣ በአውራ ጣታቸው ዳብሰው፣ ቢላ የነካውን ቦታ ካላገኙ አያርፉም። ጉዱ ደግሞ ጥርጣሬያቸው ቤት ድረስ መግባቱ ነው፤ ባለቤታቸው ብርቄ ወጥ ስትቀምስ እንኳ «ምን አይተሽበት ነው?» ይላሉ። ስኳር አለብዎት ከተባሉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። እሱንም ቢሆን ያመኑት ሦስት ቦታ ተመርምረው ነው።

ሰኞ ዕለት ከጤና ጣቢያ ተደወለ። ስልኩን ያነሳችው ብርቄ ናት።

«ሐሙስ ጠዋት ስለ ቆዳ ትምህርት አለ፣ እንዳይቀሩ ብለዋል» አለቻቸው።

«ጤና ጣቢያን በቆዳ ምን ጥልቅ አደረገው?»

ነገሩ ሸተታቸው። በቆዳ መጋዘናቸው ሽታ ጎረቤት ከሷቸው መሆን አለበት። ትምህርት የሚሉት ማዘናጊያ ነው፤ እሳቸው እዚያ ተቀምጠው ሲሰሙ እዚህ መጋዘኑ ሊታሸግ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ቆዳውን እንደ አዲስ ጨው ሲነሰንሱበትና ሲደረድሩ ሰነበቱ። ሐሙስ የንግድ ፈቃዳቸውን ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

ሲደርሱ ትምህርቱ ተጀምሯል። አስተማሪዋ ሲስተር አብርሆት ከጎንደር መጥታ እዚህ የተመደበች ወጣት ነርስ ናት። ገና በሩ አጠገብ ከመቀመጣቸው ወደ እሳቸው ዞረች።

«እርስዎስ አባቴ፣ ቆዳዎ ይደርቃል? ይሰነጠቃል?»

ብድግ አሉ። «የኔ ቆዳ አንድ ስንጥቅ የለበትም! በገዛ እጄ ነው ጨው የምነሰንስበት! የተጠራጠረ መጋዘኔ ድረስ ይምጣ!» ፈቃዳቸውን አውጥተው ዘረጉላት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አብርሆት ግን አልሳቀችም።

«ጨው ላይ ሲሠሩ ምን ይጫማሉ?»

«ነጠላ ጫማ ነዋ!»

«ስኳር ያለበት ሰው የራሱ ቆዳ ነው የሚደርቀው፣ የሚሰነጠቀው። እግሩ ስለሚደነዝዝ ቢቆስልም አይሰማውም። ሳያውቀው ያመረቅዛል። እስቲ ጫማዎን ያውልቁልኝ።»

ጋሽ ፈለቀ በዚህ ጊዜ ጭራሽ ተጠራጠሩ። የሺሺንዳው ጓደኛቸው ኃይለመስቀል «እስቲ እንየው» ተብሎ ሐኪም ቤት ገብቶ ያለ አንድ እግር ነው የወጣው። በእሳቸው ቤት እግሩ የተቆረጠው ስለታየ ነው።

«እግሬ ደህና ነው» ብለው ተነሡ።

«እሺ፣ ለእኔ አያሳዩኝ» አለች ከኋላቸው። «ቤትዎ ገብተው ራስዎ ይዩት። በጣቶችዎ መሃል ሳይቀር።»

ይቺ ልጅ ምን ፈልጋ ነው እያሉ መጋዘናቸው ገቡ፤ በሩን ዘጉና ካልሲያቸውን አወለቁ። ውሸቷን ሊያጋልጡ እግራቸውን ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ይዳብሱ ጀመር። ከትንሿ ጣት ሥር ሲደርሱ የእጃቸው ጣት ሰመጠ። ጥፍር የሚያህል ቁስል ነው፤ ውስጡ ነጭ ነገር አለ። ቀመሱት። ጨው ነው። ጨው ቁስላቸው ውስጥ ገብቶ አላቃጠላቸውም። ጫን አደረጉት፤ ምንም። ያኔ ፈሩ። በሕይወታቸው እንዲህ ፈርተው አያውቁም።

ባጃጅ ተሳፍረው ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሱ። አብርሆት ቁስሉን አጥባ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ትቆርጡታላችሁ?»

«ዛሬ እናሽገዋለን፣ መድኃኒትም ይጀምራሉ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም! ይድናል ወይ?»

«አላውቅም ጋሽ ፈለቀ። አጥንት ነክቶ እንደሆነ ገና መታየት አለበት።»

ዓይን ዓይኗን አዩዋት። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ሲጠየቅ «አላውቅም» ያለ ሻጭ ገጥሟቸው አያውቅም። እግራቸውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉ።

«በይ ያዢው» አሉ።