በፅናት ስም የተቆረጠ ጣት

ኤርጎጌ ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ውስጥ ስፓዛ ከሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቋ ፍርግርግ ጀርባ ቆማ ስትውል የስኳር በሽታ የግራ እግሯን አውራ ጣት አሳጣት። ሐኪሙ ለስኳር ሕመምተኛ የሚሠራውን ጫማ ካላደረገች እግሯም እንደሚከተል ቁርጡን ነገራት። የጤና ኢንሹራንስ ስለነበራት ጫማውን እንዲከፍሉላት ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ደፍራ ሄደች።

«ስኳርሽን የሚያክመው ሐኪም ይፈርም፤ የጣትሽ መቆረጥም በሕክምና ማኅደርሽ ላይ ይገኝ» አለቻት ጸሐፊዋ።

ማኅደሩስ ሞልቷል፤ ግን በፅናት ስም ነው። ያኔ የኤርጎጌ የጥገኝነት ወረቀት ጊዜው አልፎበት ነበርና፣ ያገር ልጅ ላገር ልጅ እንደሚያደርገው፣ ጓደኛዋ ፅናት የራሷን አዋሰቻት። በዚያ ስም ታከመች፣ በዚያው ስም ጣቷ ተቆረጠ። በኋላ ወረቀቷ ሲታደስ ኢንሹራንሱን በራሷ ስም ገባች። ፅናት ዛሬ አገር ቤት ገብታ ሆሳዕና ከተማ ናት፤ እግሯ ሙሉ ነው። ኤርጎጌ እውነቱን ብታወጣ ደግሞ መዘዙ ለሁለቱም ነው።

ኤርጎጌ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሳየች።

ጸሐፊዋ አየችና አንገቷን ደፋች። «ይታየኛል፣ ማማ። በአንቺ ስም ግን ታመሽ አታውቂም።»

ኤርጎጌ ነጠላ ጫማዋን መልሳ አጠለቀች። በታክሲ ተመለሰች፣ ሱቋን ከፈተች፣ እስኪመሽም እንደ ጤነኛ ሰው ቆማ ሸጠች።