ቲታኒየሙ ከየት መጣ?

አትላንታ አጠገብ፣ ብሩክሄቨን አክስቴ ቤት እየኖርኩ ዶክትሬቴን በምሠራበት ጊዜ፣ ቀኑን ሙሉ የማፈጥበት ነገር ከምስር ፍሬ የማይበልጥ የልስን ፍርፋሪ ነበር። ፍርፋሪዎቹን አማካሪዬ ጓቴማላ ጫካ ውስጥ ካለ የጥንት ማያዎች ሕንፃ ግድግዳ ላይ አንሥቶ ነው ያመጣቸው። የእኔ ሥራ ኖራው በምን እንደተቦካ፣ ቀዩ ቀለምም ከምን እንደተሠራ መለየት ነው። አክስቴ ይህን በስንት መከራ ካስረዳኋት በኋላ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ቀለም ቅብ ነው የምትማረው» ብላ አወራችልኝ።

በዚህ ላይ ፍርፋሪው ውስጥ ምን ንጥረ ነገር እንዳለ የሚለየው የኤክስሬይ መሣሪያ ቲታኒየም አገኘሁ አለ። ያውም ብዙ! ቲታኒየም ያለበት ነጭ ቀለም የዘመናችን ፋብሪካ ምርት ነው፤ ከሺህ ዓመት በፊት በተለሰነ ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል? ደገምኩት፤ አለ። መሣሪያውን አጽድቼ፣ ፍርፋሪ ቀይሬ ደገምኩት፤ አሁንም አለ። አማካሪዬ ከወንበሩ ሳይነሣ «መሣሪያውን በደንብ አላስተካከልሽው ይሆናል፤ እስቲ እንደገና» ይለኛል። እንደገና! ሳምንታት እንዲሁ አለቁ።

አንድ ቀን የጉዞውን ፎቶዎች ሲያሳየን አየሁት። ፊቱ በፀሐይ መከላከያ ክሬም ነጭ ሆኗል፤ በባዶ እጁ የእኔን ፍርፋሪ ይዞ ፈገግ ብሏል። እንዲህ ያለውን ክሬም ነጭ የሚያደርገው ደግሞ ያው ቲታኒየም ነው።

«ጓንት አላደረግክም ነበር?» አልኩት።

«በዚያ ሙቀት?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ቅዳሜ ወደ ላብራቶሪ ስወጣ አክስቴ «ዛሬም? ኦፍ የሚባል ነገር የላችሁም እንዴ?» ስትለኝ በሩን ዘግቼ ሄድኩ። ፍርፋሪዎቹን ሙጫ መሳይ ፈሳሽ ውስጥ ነክሬ አደረቅኋቸው፤ ከዚያ ሰንጥቄ ውስጣቸውን ለካሁ። ቲታኒየም የለም። ክሬሙ ላይ ላዩን ብቻ ነበር። በማይክሮስኮፕ ሳየው ኖራ፣ በላዩ ከብረት ማዕድን የተሠራ ስስ ቀይ፣ እንደገና ኖራ፣ እንደገና ቀይ ተደራርቧል። ሰዎቹ ግድግዳቸውን ሲያረጅባቸው ደጋግመው አድሰውታል። ለትንሽ ጊዜ ንዴቴን ረሳሁት።

አማካሪዬ ውጤቱን አይቶ «ይኸው፣ መሣሪያው ምንም ችግር አልነበረበትም» አለኝ፤ «አላስተካከልሽው ይሆናል» ሲለኝ የከረመው እሱ እንዳልሆነ ሁሉ።

ለቀጣዩ ጉዞው አንድ ካርቶን ጓንት ራሴ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩ። አዲሶቹ ናሙናዎች ክሬም ሳይነካቸው አትላንታ ደረሱ። ግን በስስ ላስቲክ ጠቅልሎ ከጫማዎቹ ሥር ስለወሸቃቸው፣ ስከፍታቸው ዱቄት ሆነዋል።